ንብ በስንት ቋንቋ?



ብዙዎቻችን መድረሳ ሳለን ሱረቱ አን-ነሕልን ስንቀራ «ነሕል ማለት ንብ ነው» ተብለን አልፈናል። ቤቱ አማርኛ ለሆነ ልጅ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ቤቱ «ካንኒሳ» ለሚል የጅማ ልጅ፣ «ሺኒ» ለሚል የጅግጅጋ ልጅ ግን ንብ ራሱ ሌላ ትርጉም የሚፈልግ ቃል ነው። በጀመዓችን ሁለቱም ስላሉ በዚህ እትም የአንዲት ነፍሳት ስም ላይ እንቆይ።

የንብ ግእዙ ንህብ ነው፤ ትግርኛም እስከ ዛሬ ንህቢ ይላል። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን ሲጥል ላህም ላም፣ መዓር ማር ሆኑ፤ ንህብም ንብ ሆነ። ነሕልና ንህብ ጆሮ ላይ ስለሚቀራረቡ «አንድ ቃል ናቸው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እኛ አይመስለንም። የዐረብኛው ሐ ነው፣ የግእዙ ሀ፤ የመጨረሻ ፊደላቸውም አይገናኝም። ጥርሱ ያልገጠመ ብሎን በመዶሻ አይገባም። ከግእዝ ጋር ዝምድና መፈለግ ካማረን ሚሽካት አለልን። በሱረቱ አን-ኑር ያለውን ይህን ቃል ከሐበሻ ቋንቋ የመጣ ነው ያሉ የጥንት ሙፈሲሮች አሉ፤ ከመስኮት ጋር አስተያዩት።

ዐረብኛ ለንብና ለተርብ መንጋ ሌላም ስም አለው፦ ደብር (ከኛው ደብር ጋር አይምታታ)። ዓሲም ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ) በረጂዕ ሸሂድ በሆኑ ጊዜ ቁረይሾች ከአካላቸው ቆርጦ የሚያመጣ ሰው ላኩ። አላህ ግን እንደ ደመና ያንዣበበ ደብር ልኮ ጠበቃቸው፤ ታሪኩን ቡኻሪ ዘግበውታል። የዕብራይስጡ ዴቮራም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው።

ላቲኑ አፒስ ይላል። ጣሊያንኛ አፔ ብሎ ጠብቆታል። በሰሜን ፈረንሳይ ግን ቃሉ ድምፅ እየጣለ፣ እየጣለ «ኤ» ብቻ እስከ መሆን ደረሰ። ዡል ዢሊዬሮን የተባለ የቋንቋ ሊቅ በ1918 እ.ኤ.አ. በዚህ ላይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። ቃሉ ከመጠን በላይ ሲያጥር ሰዉ ሌላ ፈለገ፤ አንዳንዱ «የማር ዝንብ» አለ፤ ዛሬ የሚሉት አቤይ ከደቡቡ ቋንቋ የተዋሱት ነው። መነሻው የአፒስ ማቆላመጫ ነው፣ ንቢት እንደ ማለት። የስፓኒሹ አቤኻም ከዚያው ነው። ሮማንያ ደግሞ ከቀፎ ስም አውጥታ አልቢና ትላለች። የኛ ንብ አጥሮም ሁለት ተነባቢ ስለተረፉት እስካሁን ቆሟል።

ወደ ሱራው እንመለስ። በቁጥር 68 ላይ አላህ ለንቧ ያመለከታት ማደሪያ ሦስት ነው፦ ተራራ፣ ዛፍና ሰው የሚሠራው። ትእዛዙ በሴት አንቀጽ መሆኑን፣ ሠራተኛ ንቦችም ሴቶች መሆናቸውን አገናኝተው ብዙ የሚሉ አሉ። ነሕልን በሴት መጥራት የዐረብኛ ሰዋስውም የሚፈቅደው ስለሆነ እኛ ድምፃችንን ከፍ አናደርግበትም። የሚገርመን ሌላ ነው፤ በቁጥር 69 ማር የሚለው ቃል ራሱ የለም። ከሆዷ የሚወጣው ቀለሙ የተለያየ መጠጥ ነው የተባለው። ዐሰል የሚለው በሱረቱ ሙሐመድ ነው ያለው። በማሻ በኩል ያለፈ ሰው የገተማ አበባን ነጭ ማር ከቀላው ማር ጎን ለጎን አይቶ ይህችን አንቀጽ ሲቀራ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። ቀፎው ከረጅም ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ይታያላ!

እዚህ ጋ ነው ጉዳያችን። በዙሪያችን ቤንች፣ ሸኮ፣ ካፋ፣ ሸካ አሉ፤ ቋንቋዎቻቸው ከአማርኛም ከኦሮምኛም የራቁ ኦሞአዊ ናቸው። በቴፒ በኩል ያሉት መዠንግሮች ቋንቋቸው ጭራሽ ከሌላ ቤተሰብ፣ ከናይሎ ሳህራን ነው፤ በንብ ማነብ ደግሞ የታወቁ ናቸው። ስለ ንብ ከአብዛኞቻችን ይበልጥ ከሚያውቁት ከእነዚህ ሕዝቦች የሆኑ ወንድሞችና እህቶች ደርሳችን ላይ ይቀመጣሉ። አንቀጹን መጀመሪያ በዐረብኛ፣ ከዚያ በአማርኛ ይሰሙና በእናታቸው ቋንቋ ማንም ሳይነግራቸው ይበተናሉ። «አማርኛ ይገባቸዋል» የሚለው መልስ አይበቃንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘይድ ኢብኑ ሳቢትን (ረ.ዐ) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማሩ አዘዋቸው የለ?

ስለዚህ ከሚቀጥለው ደርስ ጀምሮ፣ ኢንሻአላህ፣ አንቀጽ 68 እና 69 ሲቀሩ ቋንቋው ያለው ሁሉ ቃሉን ተነስቶ ይናገር፤ ሰሌዳ ላይ እንጽፈዋለን። ደብተር ተገዝቷል። እስካሁን አራት ቃል ይዟል፦ ንብ፣ ንህቢ፣ ካንኒሳ፣ ሺኒ። የቤንች፣ የሸኮ፣ የካፋ፣ የሸካና የመዠንግር መስመሮች ባዶ ናቸው።