ኑማይሽ፦ በሀይደራባድ ባዛር ያሳለፍነው ምሽት



ከሀገራችን ርቀን በሕንድ ሀይደራባድ ከተማ መኖር ከጀመርን አምስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ያመጣን ትምህርት ነው። የምንኖረው በኡስማንያ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ሀብሲጉዳ በሚባል ሰፈር ሲሆን፣ ይህ ስም «ሐበሻ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው ይባላል። ቤት ስንከራይ ይህን አናውቅም ነበር። በኋላ ስንሰማ ግን «አላህ የመራን ወደ ዘመዶቻችን ሰፈር ነው» ብለን ደስ አለን።

ሦስት ልጆች ሰጥቶናል። ታላቋ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ወንዱ ዘጠኝ፣ ትንሿ ደግሞ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። የፈረንጆች ጥር በገባ ቁጥር ትልልቆቹ «ኑማይሽ ተከፈተ! የክፍል ጓደኞቻችን ሁሉ ሄደዋል፤ እኛስ መቼ ነው?» እያሉ ይነዘንዙናል። የተማሪ ኪስ ይታወቃልና በየዓመቱ «ኢንሻአላህ» እያልን ስናሳልፈው ቆየን። በመጨረሻ ልጅ ሳይቀር «ኢንሻአላህ ማለት አይሆንም ማለት ነው እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀን አፈርን። ቃላችንን ለመጠበቅ ለሁለት ወር ጥቂት ጥቂት አጠራቅመን አንድ ቅዳሜ የዐስርን ሶላት ሰግደን ወጣን።

ከሀብሲጉዳ በሜትሮ ባቡር ተሳፍረን፣ አሚርፔት ላይ ቀይረን ናምፓሊ ወረድን። ከባቡር ጣቢያው ጀምሮ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ይፈስሳል። በሩ ላይ ከመድረሳችን በፊት የስልክ ቁጥራችንን በእያንዳንዱ ልጅ ክንድ ላይ በእስክርቢቶ ጻፍንበት። ልጅ ይዞ ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ለሚሄድ ወላጅ ሁሉ ይህን እንመክራለን።

«ኑማይሽ» በኡርዱ ቋንቋ ኤግዚቢሽን ማለት ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1938 የሀይደራባድ ገዥ በነበሩት በሰባተኛው ኒዛም በሚር ኡስማን ዐሊ ኻን ዘመን ሲሆን፣ ሐሳቡን ያመነጩት የኡስማንያ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ነበሩ። ያን ጊዜ መቶ ገደማ ሱቆች ብቻ ነበሩት፤ ዛሬ ሁለት ሺህ ገደማ ሆነዋል። በየዓመቱ ለአርባ አምስት ቀን ያህል ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2019 በጥር ወር ማብቂያ እሳት ተነሥቶ በርካታ ሱቆች ወድመውበታል። በ2021ም በኮሮና ምክንያት ሳይካሄድ ቀርቷል። ከሁሉ ይበልጥ ያስደሰተን ግን ገቢው የሚውልበት ጉዳይ ነው። አዘጋጁ ማኅበር ከባዛሩ በሚያገኘው ገንዘብ ትምህርት ቤቶችንና ኮሌጆችን ያካሂዳል፤ ከእነዚህም መካከል ለሴቶች የተቋቋሙ አሉ። አንዲት እናት እዚያ የምትገዛው አምባር ለሌላዋ ልጅ መማሪያ ይሆናል ማለት ነው።

ወደ ውስጥ ስንገባ ሕንድ በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ የፈሰሰች መሰለን። ከካሽሚር የመጡ ነጋዴዎች ሻልና የደረቀ ፍራፍሬ፣ የላክናው ሰዎች በነጭ ጨርቅ ላይ በነጭ ክር የተጠለፈ ልብስ፣ የሙራዳባድ ሰዎች የነሐስ ዕቃ ደርድረዋል። ብዙ ያቆመን ግን የቢዳር ዕቃ ነው። አንጥረኛው ከዚንክና ከጥቂት መዳብ የቀለጠ ዕቃ ላይ አበባ ፈልፍሎ ቀጭን የብር ክር ይቀብርበታል። ከዚያ ከቢዳር ምሽግ በሚቆፈር አፈርና በአንድ ዓይነት ጨው ውሃ ሲያፈላው ዕቃው ይጠቁራል፤ ብሩ ግን ቀለሙን አይለውጥም። ልጃችን «ለምን ብሩም አይጠቁርም?» ሲል ሰውዬው ሳቅ ብሎ «ብር ራሱን ያውቃላ!» አለው። ይህ መልስ በኋላ ትዝ ብሎናል።

በላን፣ ጠጣን። ሚርቺ ባጂ የሚሉት ምግብ የእኛን ስንግ ቃሪያ በሽምብራ ዱቄት ሊጥ ነክሮ በዘይት እንደ መጥበስ ነው። ሐሊም ደግሞ ስንዴ፣ ሥጋና ምስር ለብዙ ሰዓት ተቀቅሎና ተወቅጦ ገንፎ እስኪመስል የሚበስል ነው። ለእናታችን፣ ማለትም ደሴ ላሉት ለልጆቹ አያት፣ አንድ ሻል ስንጠይቅ ካሽሚራዊው 1200 ሩፒ ጠራ፤ ተከራክረን በ700 ተስማማን። በዚህ መካከል የመግሪብ አዛን ተሰማ። ነጋዴው ገንዘቡን እንኳ ሳይቀበል ጥቅሎቹን ወደ ጎን ገፍቶ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፈልንና አብረን ሰገድን። ከሶላት በኋላ ደግሞ «ለእናት ከሆነ» ብሎ ሌላ 50 ሩፒ ቀነሰልን።

ልጆቹ በትልቁ ጎማ ከተሽከረከሩ በኋላ ሻይ ልንጠጣ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከአጠገባችን መልካቸው ከእኛ የማይለይ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ትኩር ብለው አይተውን በኡርዱ «ከየት ናችሁ?» አሉን። ነገርናቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እኔም ሐብሺ ነኝ» አሉ። አያታቸው የኒዛሙ የአፍሪካ ፈረሰኛ ዘብ እንደነበሩ አጫወቱን። ያ የዘብ ጦር የኒዛሙ አገዛዝ እ.ኤ.አ. በ1948 ካበቃ በኋላ ተበተነ፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ግን እስከ ዛሬ «ኤ.ሲ. ጋርድስ» በሚባለው ሰፈር ይኖራሉ። በሰርግ የሚመቱት ማርፋ የሚባል የከበሮ ጨዋታ በከተማው ሁሉ የታወቀ ነው።

እኛም የማሊክ ዐምበርን ነገር አነሣን። ከሐበሻ ምድር በባርነት ተሽጦ ዴካን የደረሰው ይህ ሰው የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ለመሆን በቅቷል። የሙጋሎችን ጦር ለዓመታት ተቋቁሟል፤ በኋላ አውራንጋባድ የተባለችውንም ከተማ ቆርቁሯል። የሞተው እ.ኤ.አ. በ1626 ነው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው «ታሪኩን እናውቃለን፤ ኩራታችን ነው። ቋንቋው ግን ጠፋ። አባቴ አንዲት ቃል አልነገረኝም፤ እርሱም አልሰማትም ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃችን ዞር ብለው «እስቲ አንተ በአያትህ ቋንቋ አንድ ነገር በለኝ። ልስማው» አሉት።

ልጁ ዝም አለ። እህቱን አያት። እርሷም አንገቷን ደፍታ በኡርዱ «ብዙም አንችልም» አለች።

ውድ አንባብያን፣ ያን ጊዜ የተሰማንን እንዴት ብለን እንጽፈዋለን? ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። በትምህርታቸው ወደ ኋላ እንዳይቀሩ ብለን እኛው ነን በቤታችን እንግሊዝኛና ኡርዱ ያነገሥነው። አማርኛን የምንናገረው እኛ ሁለታችን ልጆች እንዳይሰሙት የምንፈልገው ነገር ሲኖር ነበር! የሽማግሌው አያቶች ቋንቋቸው የጠፋው በዘመን ርዝመትና በስደት ነው። የእኛ ግን በአምስት ዓመት፣ በገዛ እጃችን።

በዚህ መካከል ትንሿ ልጃችን ከጉልበታችን ላይ ብድግ አለችና ለሽማግሌው «እደጊ! ተመንደጊ!» አለቻቸው። አያቷ በየጁምዓው በስልክ የሚመርቋት በዚህ ቃል ነው፤ የምታውቀውም እርሱን ብቻ ነው። እኛ ሳቅን። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ትርጉሙን ጠየቁን። «እደግ፣ ከፍ በል ማለት ነው፤ የትልቅ ሰው ምርቃት ነው» አልናቸው። ልጅቱን ሁለት ጊዜ አስደገሟትና እርሳቸውም «እደጊ፣ ተመንደጊ» እያሉ ራሷን ዳሰሷት። ስንለያይ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ በባቡሩ ውስጥ ማንም ብዙ አልተናገረም። ታላቋ ልጃችን ግን ቀስ ብላ በእንግሊዝኛ «እማዬ፣ ‹ሻል ገዛንልሽ› በአማርኛ እንዴት ይባላል? ለአያቴ ራሴ ልንገራት» አለች። ያን ማታ ደሴ ደወልን። ሦስት ጊዜ ተሳስታ በአራተኛው ተናገረችው። አያቲቱ በደስታ እልል አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከመግሪብ እስከ ዒሻ በቤታችን የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው። ወንዱ ልጃችን መጀመሪያ ምልክት እያሳየ ዝም ይል ነበር፤ ራት ሲፈልግ ግን ይናገራል! አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ሩም የቋንቋዎቻችንንና የመልኮቻችንን መለያየት ከምልክቶቹ አንዱ አድርጎ ነግሮናል። ታዲያ ከምልክቶቹ አንዱ በእኛ ቤት እንዲጠፋ እንዴት እንፈቅዳለን?

በሪያድም ሆነ በዱባይ፣ በዋሽንግተንም ሆነ በለንደን ልጆች የምታሳድጉ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህችን ታሪክ የጻፍነው ለእናንተም ነው። አንድ የከበረ ምርቃት በትንሽ ልጅ አፍ ውስጥ ሲቀር ምን ያህል እንደሚከብድ በኑማይሽ አይተናል። ሻሉን ኢንሻአላህ ዘንድሮ ራሳችን ይዘነው እንሄዳለን፤ የሚያለብሷቸውም ልጆቹ ናቸው፣ በአማርኛ እየመረቁ።