ቅጠል እኮ ነው!

እኛ ልጆች ሳለን ሰው ከርሞ ሲገናኝ «ወፍረሃል!» ከተባለ ደስ ብሎት ይውላል። ተስማማው፣ ደላው ማለት ነዋ! እኔም ማስተማሩን ትቼ ወንበር ላይ መዋል ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ምስጋና ሳልግደረደር ስቀበል ኖሬያለሁ። ነገር የተበላሸው ሐኪሜ ሚዛን ላይ አውጥቶኝ «96 ኪሎ!» ያለ ዕለት ነው። የደም ግፊቴም አብሮ ወጥቷል። አመጋገቤን እንዳስተካክልና በእግሬ እንድሄድ መከረኝና አንድ መድኃኒት አዘዘልኝ።

ኦርሊስታት ይባላል። ከምግብ ጋር ይዋጣል፤ ከምንበላው ስብ ሲሶ ያህሉ ወደ ሰውነት እንዳይገባ አንጀት ውስጥ ያግደዋል። የታገደው ቅባት ታዲያ የትም አይተንም፤ መውጫ ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ባለቤቱን ሳያስፈቅድ። ክትፎ ለሚወድ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ አላብራራም። ይህን ሁሉ ያነበብኩት በካርቶኑ ውስጥ ታጥፎ ከተቀመጠው ወረቀት ላይ ነው። ዘርግቼ እስከ መጨረሻው ተወጣሁትና አጥፌ፣ መድኃኒቱን ከነወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

በዚህ መሐል የወንድሜ ልጅ ከዱባይ አንድ ጠርሙስ ይዛልኝ መጣች። ላዩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል፤ «100 በመቶ የተፈጥሮ» ይላል። እሷ ራሷ ቀጥና ቀጥና ቀሚሷ ሰፍቷታል።

«ሐኪሜን ልጠይቅ?» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ! ይሄ እኮ መድኃኒት አይደለም፤ ቅጠል ነው!»

እንግዲህ ያን ያህል ዓመት ተማሪ ፊት ቆሜ «የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ያልተጻፈውንም አንብቡ» ስል የኖርኩ ሰው በአንዲት ቃል ተረታሁ። «የተፈጥሮ» በምትል ቃል! ኮሶስ የተፈጥሮ አይደለም? የዛፍ አበባ እኮ ነው። እናቴ ግን ኮሶ ልታጠጣን ስትል ልኩን የሚያውቅ ሰው ታስመጣ ነበር። ሲበዛ ዓይን እንደሚያጠፋ፣ ሰውም እንደሚገድል ታውቃለቻ። ያልተማረችው እሷ ነበረች።

በሦስት ሳምንት አራት ኪሎ ቀነስኩ። የምግብ ፍላጎቴ ጠፋ፤ እንቅልፌም ተከትሎት ሄደ። ሌሊት ሌሊት ልቤ እንደ ጥምቀት ከበሮ ይመታል። ቀጠሮዬ ደርሶ ስሄድ ሐኪሙ ግፊቴን ለካ፣ ደግሞ ለካ።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም» አልኩት። አልዋሸሁም፤ ቅጠል ነዋ! አጠገቤ የተቀመጠችው ባለቤቴ ምንም ሳትናገር ቦርሳዋን ከፈተችና ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ሲቡትራሚን ስለሚባል የማቅጠኛ መድኃኒት ነገረኝ። የደም ግፊትና የልብ ምት የሚጨምር፣ ልበ ሕመምተኞችን ለልብ ድካምና ለስትሮክ የሚያጋልጥ ሆኖ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓም ከአሜሪካም ገበያ ወጣ። ወጣ ግን አልጠፋም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን «የተፈጥሮ» እየተባሉ በሚሸጡ የማቅጠኛ እንክብሎች ውስጥ፣ ስሙ ሳይጻፍ፣ በተደጋጋሚ አግኝቶታል። በእኔ ጠርሙስ ውስጥ ይኑር አይኑር የመረመረው የለም። «ያቁሙት» ብቻ አለኝ። ባቆምኩ በሳምንቱ ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ለነገሩ ሲቡትራሚንም በሐኪም ማዘዣ ሲሸጥ የነበረ ነው፤ ማዘዣ ስላለው ብቻ ንጹሕ አልሆነም። ግን ጉዳቱን የሚቆጥር ሰው ነበረና ተቆጥሮ፣ ተይዞ ተነሳ። የጠርሙሱን ማን ይቆጥርለታል? ሁሉም ሰው ስለሚያወራለት የሴማግሉታይድ መርፌ ስጠይቀውም ሐኪሙ ማቅለሽለሹን፣ ሲያቆሙት ኪሎው እንደሚመለስ ሁሉ አስቀድሞ ነገረኝ። መሳቢያ ውስጥ የቆለፍኩት ወረቀት ትዝ አለኝ። ነውሩን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ስለነገረኝ ነበር የጠላሁት።

ማታ ለወንድሜ ልጅ ደወልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ልብሽን ይመታሻል?»

ዝም አለች።

«እንቅልፍስ?»

«እኔ እኮ ቡናው መስሎኝ ነው፣ ጋሼ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ጠዋት ጠርሙሷን ይዛ እንድትመጣ ነገርኳት። ሐኪም ቤቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል።