ልጆቹ ስታንዱን አቆሙት!

አቆሙት ወገን! ከሰዓት በኋላ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ሲገባ ከወንበሬ ተነስቼ እልል አልኩ፤ ከጎን ክፍል ያሉት ምን መጣ ብለው ሮጠው ገቡ። ግቢያችን ውስጥ ከዲዛይን ተማሪዎቻችን ጋር ስንፈታና ስንገጥመው የከረምነው የቀርከሃ የኤግዚቢሽን ስታንድ ዛሬ ሚላን፣ ቶርቶና ሰፈር፣ ድሮ ፋብሪካ በነበረ አዳራሽ ጥግ መብራት በርቶለት ቆሟል። ገንዘብ ያዋጣችሁ፣ ሻንጣ ያዋሳችሁ፣ በሌሊት ቦሌ ድረስ የሸኛችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ማታ ደውለው ያወሩኝን ልንገራችሁ። በካርጎ ለመላክ አቅም ስላልነበረን ሁሉም ነገር ሻንጣ ውስጥ እንዲገባ ተደርጎ ነው የተሠራው። ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ አንዱ 23 ኪሎ፣ ቁመቱ፣ ወርዱና ጎኑ ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ። እያንዳንዷ ቀርከሃ የተቆረጠችው በዚህ ልክ ነው። እዚያ ደርሰው መግጠም ሲጀምሩ ግን ምሰሶዎቹ ተወዛወዙ። ቀርከሃ እርጥበቱ ሲወጣ ይኮማተራል፤ እንጅባራ ደጋ ላይ ጭጋግ ሲጠጣ ያደገው ማሞቂያ ያለው አዳራሽ ሲገባ መጋጠሚያው ሁሉ ላላ። ብሎን ጨምረው ቢያጠብቁት ይሰነጠቃል። ሙጫም አይሆንም፤ ተፈትቶ መመለስ አለበት።

ያዳናቸው ጠፍር ነው! ስታንዱ ላይ ለሚያሳዩአቸው በርጩማዎች መቀመጫ መጠባበቂያ የያዙትን ጠፍር ያረፉበት ቤት መታጠቢያ ውስጥ ዘፍዝፈው አሳደሩት። ጠዋት እርጥቡን መጋጠሚያው ላይ ጠምጥመው፣ በፒንሳ ስበው አሰሩና ተቀምጠው ጠበቁ። ጠፍር በእርጥቡ ይታሰርና ሲደርቅ ጭምድድ አድርጎ ይይዛል፤ የጠፍር አልጋ ባለበት ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል። ከሰዓት ላይ ምሰሶውን ይዘው ቢነቀንቁት ንቅንቅ የለም። ከጎናቸው ስታንድ ሲሠሩ የነበሩ የሌላ አገር ተማሪዎች ሥራቸውን ትተው መጥተው ቋጠሮውን እየነካኩ ፎቶ አነሱ አሉኝ። ካቻቢቴ ሲዋሱ የዋሉት ልጆች አስተማሪ ሆነው አመሹ! እየተሻሙ ነው የነገሩኝ፤ እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ይሄን ስሰማ ግን የቆየ ቁስል ተነካብኝ። ተማሪ እያለን ውጭ አገር ለሚካሄድ አንድ ኤግዚቢሽን ወንበር ሠርተን ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ስንፈገፍገው ያደርነው ዋንዛ። ዕቃው ሄደ፣ እኛ ቀረን። የልዑካን ቡድኑ ስም ዝርዝር ሲለጠፍ የሠራ እጅ አንድም አልነበረበትም፤ ኃላፊዎች፣ የኃላፊዎች ረዳቶች፣ ከዚያ የገንዘብ ክፍል ሰው። በኋላ በመጣው ፎቶ የወንበሩ መደገፊያ ተገልብጦ ተገጥሟል፣ መቀመጫው ላይ የብሮሹር ክምር ተጭኗል። አንድ ገዢ መጥቶ እንጨቱ ምንድን ነው፣ በወር ስንት ታመርታላችሁ፣ ተፈትቶ ይታሸጋል ወይ ብሎ ጠይቆ፣ የሚመልስለት ሰው አጥቶ ቢዝነስ ካርዱን ትቶ መሄዱን የሰማነው ከወራት በኋላ ነው። ካርዱን እስከ ዛሬ አላየነውም። ንድፉ የጓደኛዬ ነበር። አሁን ዲዛይን አይሠራም፤ ለምን እንደተወው የጠየቀው ሰው ሁሉ ያንን ፎቶ ነው የሚያሳየው። ያንገበግበኛል! "ተማሪ ምን ልምድ አለውና ይላካል" የምትሉ ሰዎች፣ ልምዱ ከየት ይምጣ? ዕቃው ሲላላ ማን ያጥብቀው?

ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ኔንዶ የተባለው የጃፓን የዲዛይን ድርጅት እኮ የተወለደው ኦኪ ሳቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ትምህርቱን ጨርሶ ከጓደኞቹ ጋር የሚላንን የዲዛይን ኤግዚቢሽን ካየ በኋላ ነው። እዚያው ሚላን ሳሎኔ ሳተላይት የሚባል ከ35 ዓመት በታች ላሉ ዲዛይነሮች የተዘጋጀ መድረክ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አለ፤ ማርቫ ግሪፊን የመሠረተችው፣ ወጣቱን ከአምራቾች ጋር ፊት ለፊት የሚያገናኝ።

ፊት ለፊት ለመገናኘት ደግሞ መጀመሪያ ቪዛ! በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የአውሮፓ ኅብረት "ኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቿን በመመለስ አልተባበረችም" ብሎ አሠራሩን አጠበቀብን። 15 ቀን የነበረው የመልስ ጊዜ 45 ሆነ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ቀረ። ክርክሩ የመንግሥታት ነው፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን የንድፍ ደብተሯን ይዛ የተሰለፈች የ22 ዓመት ልጅ ናት።

ከልጆቻችን አንዷ ተከለከለች። ያንን መጋጠሚያ የነደፈችው እሷ ናት! ወደ አገርሽ ለመመለስሽ እርግጠኛ አይደለንም የሚል ወረቀት ሰጧት፤ ለቪዛው የከፈለችው 90 ዩሮም አይመለስም። ቤተሰቧ እዚህ፣ ትምህርቷ እዚህ፣ ልቧ እዚህ። የጠፍሩ ሐሳብም የእሷ ነው፤ አያቷ አልጋ ሲጠፍሩ እያየች ነው ያደገችው። ልጆቹ ስልኩን መሰላል ላይ አስደግፈውላት፣ እሷ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ እያየች "ግራውን ሳበው! ሁለቴ አዙረው! እንደሱ አይደለም፣ ፍታው!" ስትል ዋለች። ፎቶው ላይ ግን የለችም። ስሟን ከሁሉም በላይ ጻፉት ልላቸው ስል ቀድመው ጽፈውታል።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም፣ ሆዴ ባብቷል። ሚላን ያላችሁ፣ በተለይ ፖርታ ቬኔዚያ አካባቢ ያላችሁ፣ ነገ ሂዱና እዩአቸው። ሁዳዴ እየጾሙ ነው፤ ሽሮ ያዙላቸው።