የተሰበረችው ኒፕል

ዛሬ የምጽፍላችሁ የጣት ጫፍ ስለማታህል አንዲት ብረት ነው። «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም እንደዚያው ብዬ ነበርና።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ደብረ ማርቆስ ሄድሁ። አጎቴ ከሦስት ወዳጆቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶና ተበድሮ፣ ከፊቱ የሎደር አካፋ የተገጠመለት አሮጌ ትራክተር ገዝቷል። አፈር ይዝቅበታል፤ ጠጠር ይጭንበታል፤ ዕዳውም የሚቃለለው ትራክተሩ በሠራው ሰዓት ልክ ነው። በዚያ ሰሞን የተያዘው ሥራ በከተማው ጫፍ ያለ ሰፊ የጎርፍ መውረጃ መጥረግ ነበር። ደለል ሞልቶት ስለ ነበር አንድ ኃይለኛ ዝናብ ቢወርድ ውሃው ከሰው ቤት መግባቱ የማይቀር ነው።

አጎቴ «አንተ የምሕንድስና ተማሪ ነህ፤ ግራሶውን አንተ ስጥ» ብሎ ፓምፑን አስረከበኝ። እኔም ሹመት መሰለኝ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። የሎደሩ ክንድና አካፋ በሚታጠፉበት ቦታ ሁሉ ፔርኖ የሚባል ወፍራም የብረት ዘንግ አለ፤ ይህም ቦኮላ በሚባል ቀለበት ውስጥ ይዞራል። ኒፕል ማለት ግራሶው ወደዚያ የሚገባባት በር ናት። በአናቷ ላይ ስፕሪንግ የሚገፋት ትንሽ ኳስ ተቀምጣለች፤ የፓምፑ ግፊት ሲመጣ በሩን ትከፍታለች፣ ሲያቆም ትዘጋለች። ለዛሬዋ ኒፕል ስማቸው የሚነሣው ትውልደ ኦስትሪያው ኦስካር ዘርክ ናቸው፤ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኙባትም በ1929 እ.ኤ.አ. ነው። ለእንዲህ ያለ መሣሪያ የተለመደው ደንብ በየ10 የሥራ ሰዓቱ ግራሶ መስጠት ነው። አዲሱ ሲገባ አሮጌው ከነጭቃውና ከነውሃው በጠርዙ ይወጣል።

በሦስተኛው ማለዳ ከአካፋው ግርጌ በስተ ቀኝ ያለችውን ኒፕል ድንጋይ መትቷት ከሥሯ ተቆርጣ አገኘኋት። ጉቶዋ ቀዳዳው ውስጥ ቀርቷል። «ዐሥራ አንዱ ጠጥተዋል፤ አንዷ ብትቀር ምን ይሆናል?» አልሁ። እውነቱን ለመናገር ግን የፈራሁት ሌላ ነው፤ ብናገር «እስቲ አውጣት» እንዳልባል ነው። እንዴት እንደምትወጣ አላውቅማ! ጭቃ መረግሁባትና ዝም አልሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ አካፋው በተነሣ ቁጥር ሲጥ ሲጥ ይል ጀመር። አጎቴ ሥራውን አቁሞ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይዞ መጣ። ሰውየው አካፋውን መሬት አስይዞ ሞተሩን አስጠፋና ጭቃውን በጣቱ ጠረገው።

«መቼ ነው የተሰበረችው?»

«ዛሬ ይሆናል እንጂ፤ ልጁ በየማለዳው ግራሶ ይሰጣል» አለ አጎቴ።

ይህች እምነቱ ከስድብ ይልቅ ወጋችኝ። «ጋሼ፣ ከትናንት በስቲያ ነው። አይቼ ዝም አልሁ» አልሁት። አጎቴ አየኝና ፊቱን ወደ ሰማይ መለሰ፤ ደመናው ጠቁሯል። መካኒኩ ግን «እንግዲያስ ኒፕሏን መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ ሁለት ቀን ያለ ግራሶ ከዞረ ፔርኖውንም አውጥተን እንየው» አለ። ዝም ብል ኖሮ ሥራው በግማሽ እንደሚቀር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ቦታውን በናፍጣ አጥበን በሽቦ ብሩሽ ፈተግነው። መካኒኩ ላምባና የሞተር ዘይት ቀላቅሎ በጉቶዋ ዙሪያ ጠብ ጠብ አደረገ፤ እርሱ እስኪሰርግ ድረስ ፔርኖውን በማርቴሎ እየመታን አወጣነው። ጫሪት ይዞታል፤ በላዩም የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ነበረበት። የሁለት ቀን ዝምታዬን በዐይኔ አየሁት። ደግነቱ ቦኮላው ገና አልተበላም፤ ፔርኖውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁት።

ከዚያ ወደ ጉቶዋ ተመለስን። እኔ ከመጽሐፍ እንዳነበብሁት «በትራፓኖ እንብሳ» አልሁ። መካኒኩ ሣቀና «ቀዳዳ እኮ አላት! ግራሶው በየት ይገባ ነበር?» አለኝ። ኳሷ ከአናቷ ጋር ሄዳለች፤ የቀረውን ስፕሪንግ በቀጭን ሽቦ ስቦ አወጣው። የአሮጌ ሊማ ጭራ፣ ያ እጀታ የሚገባበትን አራት ማዕዘን ሹል፣ በሞላ አሳስቶ ከቀዳዳዋ አስገባና በቀስታ መታ መታ አደረገው፤ ቀጥሎ በቁልፍ ይዞ ወደ ግራ ያዞር ጀመር። እንቢ አለች። እኔ ቁልፉን ተቀብዬ በኃይል ልጠመዝዝ ስል እጄን ያዘኝ። «የሊማ ብረት ደረቅ ነው፤ ውስጧ ከተሰበረ ትራፓኖም አይበሳው። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ አድርግ፤ አባብላት።» በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ቅጭ አለችና ተፈታች።

አሁን ደግሞ የእኔ ተራ መጣ። መካኒኩ ከሣጥኑ አዲስ ኒፕል አውጥቶ በእጁ ሲገጥማት ሁለት ዙር ሄዳ ጠበቀች፤ በቁልፍ ሊያጠብቃት ሲል «አያ፣ ይቆዩኝ» አልሁት። ከጎን ያለችውን ደኅና ኒፕል ፈትቼ በካሊፐር ለካኋት። የእርሷ የአሜሪካ የቧንቧ ጥርስ ነው፤ 1/8 ኢንች የሚባለው፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 27 ጥርስ ያለው። አዲሷ ግን ባለ 10 ሚሊ ሜትር ሆና የጥርሷ ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ነው። ለዐይን እኅትማማች ይመስላሉ፤ በግድ ቢገጥሟቸው ግን ጥርሱን ይበሉታል። ሽማግሌው ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ወደ ብርሃን አቀረባቸውና «ልክ ነህ» ብሎ ትክክለኛዋን ፈለገ። ጥርሱን በማስኪዮ ስናጸዳም ብናኙ እንዲጣበቅበት ማስኪዮውን ግራሶ ቀባነው።

ፔርኖውን መልሰን አዲሷን ኒፕል ገጠምንና ፓምፑን ያዝሁ። በመጀመሪያ ጥቁር ወጣ፣ ከዚያ ግራጫ፣ በመጨረሻ ንጹሕ ግራሶ በጠርዙ ብቅ አለ። በማግሥቱ የመውረጃው ደለል ተጠርጎ አለቀ። በዚያው ሌሊት ዝናቡ ወረደ፤ ውሃውም መንገዱን ይዞ ሄደ።

አጎቴ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተናገረኝም። በማለዳ ግን ፓምፑን አምጥቶ እጄ ላይ አኖረው።

«ስንት ናቸው?» አለኝ።

«ዐሥራ ሁለት፣ ጋሼ።»

«ሁሉም ይጠጣሉ?»

«ሁሉም ይጠጣሉ።»

ወገኖቼ፣ ነገ ተመርቀን ብዙ ነገር በእጃችን ይሰጠናል። የማናውቀው ነገር ሲገጥመን «አላውቅም» ማለት የአንድ ደቂቃ ኀፍረት ነው፤ ጭቃ መርጎ ማለፍ ግን ብረቱን ይበላል። እኔ ይህን የተማርሁት ከመማሪያ ክፍል ሳይሆን ከዚያች ጉቶ ነው።