ከንፋስ ስልክ እስከ ታንክ ሬዲዮ፦ የምዕራብ ወሎ ደጋና ያልተሰበሰቡ የጦር መገናኛዎች

በልዩ ልዩ አገሮች ከአገልግሎት የተሰናበቱ የጦር ሠራዊት ሬዲዮዎችን የሚሰበስቡ፣ የሚጠግኑና ዳግም የሚያናግሩ ሰዎች ሥራቸውን ከታሪክ ጥናት ለይተው አያዩትም፤ አንድ አዛዥ ድምፁን እስከ ምን ርቀት ያደርስ እንደነበርና ጠላት ቃሉን ምን ያህል በቀላሉ ይጠልፈው እንደነበር ከዕቃው በላይ የሚያስረዳ የለምና። በኢትዮጵያ የአያት ጠመንጃና ጋሻ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲከበር፣ ሬዲዮው ግን አንድም መጋዘን ውስጥ ይዝጋል፣ አንድም መዳቡ ተፈትቶ ለቁራሌው በኪሎ ይሸጣል፤ ይህም ያለ ፍርድ የተፈጸመ አድልዎ ነው።

ወሎ ለዚህ ታሪክ ዳር አገር አይደለም። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. የጦር ሰፈራቸውን ደሴ አድርገው የሰሜኑን ግንባር ሲመሩ፣ በዘመኑ ንፋስ ስልክ ይባል የነበረው ገመድ አልባ ቴሌግራፍ፣ ማለትም አጫጭርና ረጃጅም ድምፆችን በፊደል ፈንታ የሚጠቀመው የሞርስ መልእክት፣ ከመልእክተኛ ሯጭ ጎን ለጎን ያገለግል ነበር። ደሴ ኅዳር 26 ቀን በአውሮፕላን ተደበደበች፤ መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ውጊያው ከተደረገ በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ ለእቴጌ መነን በሬዲዮ የላኩትን መልእክት ጣልያኖች ጠልፈው አነበቡት። ቀደም ሲል የአቃቂን የሬዲዮ ጣቢያ የሠራው አንሳልዶ የተባለው የጣልያን ኩባንያ እንደነበር ሲታሰብ ነገሩ ይበልጥ ያስተክዛል።

ከአምስት ዓመት በኋላ ጦርነቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ግራና ቀኝ ተሻገረ። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ የመሩት ሚሽን 101 የተባለ የእንግሊዝ ቡድን ሬዲዮ ይዞ ጎጃም ገባ፤ በኋላም የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት ጌዴዎን ጦር ከአርበኞች ጋር ሆኖ ደብረ ማርቆስን የለቀቀውን የጣልያኑን የኮሎኔል ማራቬንታኖን ሠራዊት ዓባይን አሻግሮ በደራ በኩል ወደ ወግዲ በሚያዘልቀው ደጋ አሳደደው፤ በሺዎች የሚቆጠረው ይህ ሠራዊት በግንቦት 1933 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። በዚያ ዘመቻ ዕቃ የሚጫነው በግመልና በበቅሎ ነበር፤ ግመሎቹ ደግሞ አብዛኞቹ መንገድ ላይ አልቀዋል።

አገሩ ራሱ የሬዲዮ ፈተና ነው። የወሎ ቦረና ወረዳ ከተማ መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ ስትገኝ፣ ከምዕራቧ ያለው የዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ይዘቅጣል። ከ30 ሜጋኸርትዝ በላይ ያለው ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ከአፋፍ ወደ ማዶ አፋፍ በቀላሉ ይሻገራል፤ ሸለቆው ሥር ላለ ሰው ግን አይደርሰውም። ለእርሱ የሚበጀው አጭር ሞገድ የሚባለው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ነው፦ የአንቴናው ሽቦ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ አግድም ሲዘረጋ ሞገዱ ሽቅብ ወጥቶ፣ የፀሐይ ጨረር በኤሌክትሪክ ከሞላው አዮኖስፌር ከተባለው የላይኛው አየር ተንጸባርቆ፣ ተራራውን ሳይነካ ገደሉ ውስጥ ይወርዳል። ለዚህ ብዙውን ጊዜ ቀን 7፣ ሌሊት 3.5 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ይመረጣል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የአሮጌ ሬዲዮዎች ጠባይ ይለያያል። የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ በዘመተበት በኮሪያ ጦርነት የአሜሪካ እግረኛ በጀርባው የሚያዝለው ኤስሲአር 300፣ 16 ኪሎ ግራም ገደማ እየመዘነ ከ40 እስከ 48 ሜጋኸርትዝ ብቻ ስለሚሠራ ለአፋፍ እንጂ ለሸለቆ አይሆንም፤ በእጅ በሚዘወር ጀኔሬተር የሚሠራው ጂአርሲ 9 ግን ከ2 እስከ 12 ሜጋኸርትዝ ስለሚሸፍን ለቦረና የተፈጠረ ይመስላል። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጣው የቲ-55 ታንክ ሬዲዮ አር-123 ደግሞ ከ20 እስከ 51.5 ሜጋኸርትዝ ይደርሳል። የጥገናው ዋና ሕግ ትዕግሥት ነው፤ ለዓመታት የተኛ ሬዲዮ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያቁሩት ክፍሎች፣ ስለሚበላሹ ሙሉ ኃይል በአንድ ጊዜ ከተለቀቀበት ሊቃጠል ይችላል።

ማናገር ግን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ተገቢም ነው፣ ጦርነት ባልራቀው አገር ፈቃድ የሌለው አስተላላፊ ባለቤቱን በሰላይነት ሊያስጠረጥር ይችላልና። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ኢቲ3ኤኤ በሚል መጠሪያ በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ የሚሠራ ጣቢያ ስላለው፣ ሕጋዊው መንገድ ከባዶ አይጀመርም። መሰብሰቡና መመዝገቡ ግን ሞገድ ስለማይለቅ ነገ ሊጀመር ይችላል፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የተዘረፈው የደሴ ሙዚየም ስብስቡን መልሶ ሲያደራጅ ለመገናኛ ዕቃዎችም አንድ ክፍል ቢሰጥ ይገባዋል። እስከዚያው በመካነ ሰላም፣ በወግዲም ሆነ በሳይንት ከጎተራ ወይም ከመጋዘን አሮጌ የጦር ሬዲዮ የሚያገኝ ሰው ሽፋኑን ሳይፈታ የብረት ሰሌዳውን ጽሑፍ ፎቶግራፍ ያንሣ፣ ማን እንደተሸከመውም ከአረጋውያን ጠይቆ ይጻፍ፤ ለቁራሌውም አይስጠው።