የትከሻዬ ነገር

ቀኝ ትከሻዬን ቍርጥማት ከያዘው አራት ዓመት ኾነ፤ ዛሬ ጸናጽል ማንሣት ቀርቶ ጥምጥሜን ለመጠምጠም ልጄን እለምናለሁ። ኪኒኑም መርፌውም አልረዱኝም።

መገጣጠሚያ በብረት እንደሚተካ ሰምቼ ነበር፤ መንገዱ ግን አንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወጣቱ ሐኪም አስቀድሞ የመረመረው ጅማቴን ነው። ጅማቱ ደኅና ቢኾን የክንዱን አጥንት ራስ በብረት፥ የትከሻውን ጐድጓዳ በፕላስቲክ ይተኩት ነበር። የተበጠሰ እንደ ኾነ ግን፥ ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ግራሞን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1985 ዓመት እንደ ሠራው፥ ይገለብጡታል፤ ኳሱ ወደ ትከሻው፥ ጐድጓዳው ወደ ክንዱ ይሄዳል። በጅማቱም ፈንታ ትከሻን የሸፈነው ትልቁ ጡንቻ ክንድን ያነሣል። ነገሩ ቅኔ መሰለኝና ሣቅሁ።

የኔው ተበጥሷል። «እጅዎ ወደ ላይ ይነሣል፤ ወደ ኋላ መዞሩ ግን ላይመለስ ይችላል» አለኝ።

ለጸናጽሉ ይበቃኛል፤ ቀበቶዬን ልጄ ታስታጥቀኝ።