እግር ማሳረፊያ

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ዕድሜ ልኩን ሲገጥም ይኖራል። ቴፕ ይገጥማል፤ ፖርቶ መጋላ ይገጥማል፤ የከባድ መኪና ጥሩምባ ይገጥማል። ጥሩምባውን ሰምታችሁ በድንጋጤ ዘወር ስትሉ የምታዩት አንዲት ሚጢጢ ኮሮላ ናት። የፍኖተ ሰላሙ ወዳጄ በ2011 ዓ.ም. ለአሮጌ ሃይሉክሱ ሊገጥም የተነሣው ግን ለየት ያለ ነገር ነበር፤ ክሩዝ ኮንትሮል። አሜሪካ ያለ ወንድሙ ነው በካርቶን የላከለት።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። የምትፈልጉትን ፍጥነት ስትደርሱ ቁልፍ ትጫናላችሁ። ከዚያ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ላይ ታነሣላችሁ፤ መኪናው በዚያው ፍጥነት ይሄዳል። ወዳጄ ጉልበቱን ያመዋል። «ባሕር ዳር ደርሼ ስመለስ ቀኝ እግሬ የኔ አይመስለኝም» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ የሃይሉክሱ የነዳጅ ፔዳል እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደ ነው።

ገጠማው ሁለት ቀን ፈጀ። አሠራሩ ሲያዩት ከባድ አይደለም። አንዲት ትንሽ ሞተር አለችው፤ ከሷ የሚወጣው ካቦ ከነዳጁ ካቦ ጋር ይታሰራል። የኋላ ጎማዎችን በሚያሽከረክረው ዘንግ ላይ ደግሞ ማግኔት ይለጠፋል፤ ሣጥኑ የዘንጉን ዙር እየቆጠረ ፍጥነቱን ያውቃል። ሲቀንስ ካቦውን ይስባል፤ ሲበዛ ይለቃል። ፍሬን ወይም ፍሪሲዮን ሲረገጥ ወዲያውኑ ይተዋል። ይህቺ መተው ከሌለች ዕቃው ሰው ገዳይ ነው።

ታዲያ ሁሉም ታስሮ አለቀና ወጣን። አልይዝ አለ። መካኒኩ ሽቦውን ፈታ፣ መልሶ አሰረ፤ አሁንም አልያዘም። በመጨረሻ «ጋሼ፣ እስቲ ፍሬን ይያዙልኝ» አለና ወደ ኋላ ዞረ።

«ይዣለሁ እኮ!»

«የፍሬን መብራት የለዎትም። ሁለቱም አምፖሎች ተቃጥለዋል።»

ለካ የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ፍሬን መያዝ አለመያዙን የሚለየው በፍሬን መብራቱ መስመር ነው። አምፖሎቹ ከሞቱ እሱም አልሠራም ይላል። የፊት መስተዋቱ ላይ የዓመቱ ቦሎ እንደ ክታብ ተለጥፏል። ከኋላችን ይመጣ የነበረው ሲኖትራክ መቆማችንን በምን ያውቅ ነበር? ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ የጠየቀው ከካርቶን የወጣው ሣጥን ነው።

አምፖሎቹ ተቀየሩና በማግስቱ ወደ ቡሬ ወረድን። ሠላሳ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው። ቡሬ የሚሄዱ አክስቱ ከፊት ተቀምጠዋል። ወሩ በርበሬ የሚነሣበት፣ ቀኑም ገበያ ነበር። ከተማውን እንደወጣን ወዳጄ 70 ላይ አስያዘውና እግሩን ሰብሰብ አድርጎ ተደላድሎ ተቀመጠ።

«እግርህን ምን ሆንህ?» አሉት።

«ምንም አልሆንኩም እትዬ፤ አሁን መኪናው ራሱ ነው የሚሄደው።»

መንገዱን አዩ፤ መሪውን አዩ። «እሱ ጥጃ ያውቃል?»

ማንኩሳ ሳንደርስ ጥጃውም መጣ። በርበሬ የተጫኑ አህዮች መጡ፤ ባጃጅ መጣ፤ ደብተሩን ደረቱ ላይ ያቀፈ ተማሪ እየሮጠ ተሻገረ። ወዳጄ ፍሬን ሲይዝ መሣሪያው ይለቃል፤ መልሶ ያስይዘዋል፤ እንደገና ፍሬን። ሃያ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። በ70 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 19 ሜትር ያህል ያልፋል። የተሰበሰበ እግር ፔዳሉን ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ ያቺ ሰከንድ ትሄዳለች፤ በ19 ሜትር ውስጥ ደግሞ ስንት አህያና ስንት ልጅ እንደሚቆም የጎጃምን የገበያ መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ዕቃው ክፉ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ቢሆን፣ ግራ ቀኙ ታጥሯል፤ ጥጃ የለ፣ ገበያተኛ የለ፣ እግር ቢያርፍ ያምርበታል። የኛ መንገድ ግን መንገድ ብቻ አይደለም። ገበያም ነው፤ ወደ ትምህርት ቤት መሄጃም ነው፤ የከብት መንጃም ነው። እንዲህ ያለው መንገድ ፍጥነትን ከሚያስቀጥለው ይልቅ ፍጥነትን የሚገድበውን ይፈልጋል። በ2010ዎቹ መጀመሪያ የሕዝብና የጭነት መኪኖች የፍጥነት መገደቢያ እንዲገጠምላቸው መንግሥት ያዘዘው ለዚህ ነበር።

የክሩዝ ኮንትሮልን ታሪክ ሳነብ የገረመኝ አንድ ነገር አለ። የፈጠረው ራልፍ ቲተር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ሰውዬው ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር፤ መኪና አይነዳም። እንደሚነገረው ጠበቃው ሲያሽከረክር፣ ሲያወራ ፍጥነት እየቀነሰ፣ ሲያዳምጥ እየጨመረ መኪናዋን ሲያንገጫግጫት ቲተር ተማረረ። እ.ኤ.አ. በ1950 የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ ክራይስለር በ1958 ሞዴል መኪኖቹ ላይ አስገባው። እንግዲህ ይህ ዕቃ የተወለደው ከተሳፋሪ ምሬት ነው።

እኛ ዘንድ ተሳፋሪ ሲማረር ምን ይባላል? ሚኒባስ ውስጥ «ቀስ በል እንጂ!» ያለ ሰው «ከፈራህ ውረድ» ይባላል፤ አጠገቡ ያለውም ይስቅበታል። ከዚያ ሁሉም ዝም ይላል፤ ሹፌሩም ዝምታውን እንደ ምርቃት ይቆጥረዋል። የወዳጄን እግር ወደ ፔዳሉ የመለሰችው ግን የአክስቱ አንዲት ጥያቄ ናት። ቡሬ እስክንገባ ድረስ እግሩ ከዚያ አልተነሣም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአካባቢው በተነሣው ግጭት መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ወዳጄ እንደ ቀድሞው አይመላለስም። እናንተ ግን መኪና ካላችሁ ዛሬ ማታ አንድ ሰው ከኋላ አቁሙና ፍሬን ያዙ፤ መብራቱ መብራቱን ይንገራችሁ። ሁለት አምፖል ዋጋው ኢምንት ነው። መኪና የሌላችሁ ደግሞ፣ ነገ ስትሳፈሩ ሹፌሩ ሲበር ካያችሁ፣ የሚስቅ ቢስቅም «ቀስ በል» በሉት። ያቺ ቃል ገጣሚ አትፈልግም።